ሦስት ነጥብ አምስተኛው ገበሬ

ሰውን በተራ ማስያዝ ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር። ይህን የምላችሁ ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ የልጅነቴን እኩሌታ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ የጨረስኩ ሰው ሆኜ ነው። በእኛ ወፍጮ ቤት ደግሞ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ጆንያ ነበር። ባለቤቱ ጆንያውን አሰልፎ ገበያ ይወጣል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ደርሶ ይመለሳል፤ ጆንያው በሰው እግር እየተገፋ ወደፊት ሄዶ ይጠብቀዋል። ጆንያ እንኳ የሚችለውን ነገር ኮምፒውተር ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ተራ ማለት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። አለቀ።

ሥራዬን ላስተዋውቃችሁ። ከተማው ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። በሩ ላይ ደግሞ “ዌብሳይት እንሠራለን” የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። “እንሠራለን” ያልኩት ለክብር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔና የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ብቻ ነን። በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄያለሁ፤ የመመረቂያ ፎቶዬ ግድግዳው ላይ ስላለ ማንም አይጠራጠርም። ወረቀቱ ከተለጠፈ ጀምሮ ስለ ዌብሳይት የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ያህል ነው።

ሁለተኛው አቶ ጌትነት ነው። በጥር ወር አንድ ጧት ገብቶ ወንበር ብስብለትም አልተቀመጠም።

“ዌብሳይት ትሠሪያለሽ?”

“እንሠራለን።”

“ተራ ያውቃል?”

አቶ ጌትነት ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ መስኖ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው፤ ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በሁለት ቦይ ይሄዳል፣ ላይኛውና ታችኛው ይባላሉ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ ገበሬዎች በበጋ ድንችና ሽንኩርት ያለሙበታል። ውሃው ለሁሉም ባንዴ ስለማይበቃ በተራ ነው የሚጠጣው። ተራውን የሚያውቁት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የውሃ አባቱ፣ አያ አንሙት። አንድም የተጻፈ ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አያ አንሙት ሰባን አልፈዋል። አምና ታመው የተኙ ጊዜ ጠያቂው ከደጃቸው አልጠፋ አለ፤ እኩሌታው “እግዜር ይማርዎ” ሊላቸው፣ እኩሌታው “ተራዬ መቼ ነው?” ሊላቸው።

“ስማቸው አንሙት ቢሆንም” አለኝ ጌትነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሰው ናቸው። አንድ ነገር ቢሆኑ ተራችንም አብሯቸው ይቀበራል። ከዚያ በአካፋ ነው የምንገናኘው።”

የፈለገው ግልጽ ነው። ተራው ኮምፒውተር ላይ ይሰፍራል፤ ስልክ ያለው ከፍቶ ያየዋል፤ ተራው ሲደርስ የጽሑፍ መልእክት ይላክለታል። እኔም “በሳምንት ይደርሳል” አልኩት። ምላስ ግብር ስለማትከፍል እንደ ልቧ ትናገራለች።

በማግስቱ ላፕቶፔን አንጠልጥዬ በሚኒባስ ሄድኩ። አያ አንሙትን ቦዩ ራስ ላይ አገኘኋቸው፤ ቀጠን ያሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ አካፋቸውን ተደግፈው ውሃውን ያያሉ። ላፕቶፑን ሳሳያቸው ዞር ዞር ብለው አዩት።

“ስልሳውንም ሰው ትይዛለች?”

“ስልሳ ሺህም ትይዛለች።”

“ትረሳለች?”

“በጭራሽ አትረሳም።”

“ሰውስ ትንቃለች?” አሉኝ። ጥያቄው ስላልገባኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የገበሬዎቹን ስም ዝርዝር ከጌትነት ወስጄ፣ ዋናውን ሰው ሳልጠይቅ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ምንጩ አጠገብ ቆሜ ውሃ ልፈልግ ወደ ከተማ መሄዴ!

በሳምንቱ ሥራዬን በመንደሩ ስብሰባ ላይ ከፍቼ አሳየሁ። ኮምፒውተሩ ስሞቹን በሀ ሁ አሰልፏቸው ነበር፤ እኔም ሳላስተውል አልፌዋለሁ። ከሁሉም ፊት ሀብታሙ የሚባል ፈጠን ያለ ገበሬ ወጣ። ሀብታሙ ብድግ ብሎ “ፊደል የፈረደውን ማን ይሽራል!” ብሎ አካፋውን ሊያነሣ ሄደ። ከሁሉም ኋላ የቀረው ፈንታሁን ደግሞ “ምን ስም ነው ያወጣችሁልኝ?” እያለ አጠገቡ የተቀመጡትን አባቱን ወቀሳቸው።

አፈርኩ፤ ግን አልደነገጥኩም። “ቁጥር እንሰጣቸዋለን” አልኩ። ጌትነት የሚያውቀውን እየነገረኝ ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጎን ቁጥር ጻፍኩ። መጀመሪያ ታችኛውን ቦይ ሞላሁ፤ ሀብታሙ አንደኛ ሆነ። ቀጥዬ ላይኛውን ሞላሁ፤ ሀብታሙ እዚያም ማሳ ስላለው ሰባተኛ ሆነ። ዞር ብዬ ታችኛውን ባየው እዚያም ሰባተኛ ሆኗል። ወደ አንድ መለስኩት፤ ላይኛው ቦይ ላይ ዘሎ አንደኛ ሆኖ ቁጭ አለ። እንደገና ሰባት አደረግሁት። ሀብታሙ ስልኩን ይዞ ከአጠገቤ ቆሟል፤ “ወጣሁ… ወረድኩ… ወጣሁ…” ይላል።

ይሄኔ አያ አንሙት ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ጠሩኝ።

“አንቺ ልጅ፣ ቁጥሩን የት ላይ ነው የጻፍሽው?”

“ሰውየው ላይ።”

“ተራ የሰው ነው ያለሽ ማነው? ተራ የማሳው ነው። ማሳውም ቢሆን በዚህኛው ቦይ እንጂ በዚያኛው ተራ የለውም። ሀብታሙ ከቦይ ቦይ ሲሄድ ተራውን በኪሱ ይዞ አይዞርም።”

እኔ የሠራሁት የመረጃ ቋት ሁለት መዝገብ ብቻ ነበረው፤ የገበሬ መዝገብና የቦይ መዝገብ። የጎደለው ሦስተኛው ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ “የማን ማሳ፣ በየትኛው ቦይ ላይ” የሚለውን የሚይዝ። ቁጥሩ መቀመጥ ያለበት እዚያ፣ ማሳውና ቦዩ የሚገናኙበት ላይ ነው። ሽማግሌው ኮምፒውተር ባዩ በሳምንታቸው ስሕተቴን ከድንጋይ ላይ ሳይነሡ አገኙት። ቤቴ ገብቼ ሦስተኛውን መዝገብ ሠራሁ፤ ሀብታሙም ላይ አንደኛ፣ ታች ሰባተኛ ሆኖ በየቦታው ረጋ። ይቅርታ፣ ታች አንደኛ፣ ላይ ሰባተኛ። አያችሁ? እኔ እስካሁን ይምታታብኛል።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ሽታሁን መጣ።

ሽታሁን ዝምተኛ፣ ትልቅ ሰውነት ያለው ገበሬ ነው። ከዘመዱ ጋር መሬት ተለዋውጦ ላይኛው ቦይ ላይ ማሳ አገኘ፤ ቦታውም በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። ምን ችግር አለው ብዬ ሽታሁንን አራተኛ አደረግሁት፤ አራተኛው አምስተኛ ሆነ፣ አምስተኛው ስድስተኛ፣ እንዲያ እያለ እስከ ቦዩ ጭራ ድረስ ሁሉም አንዳንድ ወደ ኋላ ተገፋ። ችግሩ፣ ቁጥሩ ለተቀየረ ሰው ሁሉ መልእክት እንዲሄድ አዝዤ ነበር። ከሠላሳ በላይ ገበሬዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ “ተራዎ ተቀይሯል” የሚል መልእክት ደረሳቸው።

ጌትነት ሲደውልልኝ ከድምፁ ኋላ ጫጫታ ይሰማል።

“ምንድን ነው የላክሽው? ሰዉ አካፋውን ይዞ ቦዩ ራስ ላይ ተሰብስቧል። ሁሉም ‘ተራዬን ማን ወሰደው?’ ነው የሚለው።”

“ማንም አልወሰደም! ሽታሁን ስለገባ ነው!”

ይህን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነበር ለካ የምንናገረው። ሰዉ ሁሉ ወደ ሽታሁን ዞረ። ዝምተኛው ሽታሁን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠላሳ ሰው ተራ የወሰደ ሰው ሆነ።

እኔም ነገሩን ለማብረድ ሁሉንም ወደ ነበሩበት ቁጥር መለስኩና ማንንም የማይነካ ዘዴ ፈጠርኩ። በሦስትና በአራት መካከል ምን አለ? ሦስት ነጥብ አምስት! አንድም ሰው ሳይገፋ ሽታሁን ገባ። በብልኅነቴ በጣም ረክቼ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ። ሽታሁን ነው፤ ከዚያ በፊት ደውሎልኝ አያውቅም።

“እህቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው?”

“ምን ሆኑ?”

“ሌላው ሰው ሙሉ ሙሉ ቁጥር ተሰጥቶታል። እኔ ለምንድን ነው ተኩል የሆንኩት?”

ላስረዳው ሞከርኩ። ከቁጥሩ ስፋት እስከ ነጥቡ ትርጉም ነገርኩት። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “ይሁን፤ ግን ከአሁኑ ልጆች ሳይቀሩ ‘ተኩል’ ብለው ጠሩኝ” አለ። የባሰው ደግሞ አራተኛው ገበሬ ነው፤ “ተኩል ማለት ግማሽ ውሃ ማለት ነው” ብሎ ሽታሁን ማሳውን ገና እኩሌታውን ሲያጠጣ ቦዩን ወደ ራሱ መለሰው።

ከዚህ በኋላ ነው ትዕቢቴን ደብረ ማርቆስ ትቼ አያ አንሙት ዘንድ የሄድኩት። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ከድንጋያቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“አያ አንሙት፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት ነው የሚይዙት? ሽታሁን ስንተኛ ነው?”

“አላውቅም።”

“ሀብታሙስ?”

“እሱንም አላውቅም። ስንተኛ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ቆጥሬያቸውም አላውቅ።”

“ታዲያ ምን ያውቃሉ?”

“ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ነዋ!” አሉኝ፣ ይሄ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ፊት። “ሽታሁን የሚጠጣው ከዓለምነው ቀጥሎ ነው። ይኸው ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ለሁለት ሰው እነግራለሁ። ለሽታሁን፣ ‘ዓለምነው ሲጨርስ ጠጣ’። ከዓለምነው በኋላ ይጠጣ ለነበረው፣ ‘ከእንግዲህ ሽታሁን ሲጨርስ ጠጣ’። የቀረው ሰው ምን ጎደለበት ብዬ ነው የማውከው? ከፊቱ ያለው ሰው እንደሆን አልተቀየረበት።”

ይህን ነገር እኮ ተምሬዋለሁ! እያንዳንዱ መዝገብ ከፊቱ ያለውን ብቻ የሚያውቅበት፣ ሰንሰለት የሚመስል አቀማመጥ፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ በቀስት ሥለነዋል፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ፤ ከዚያም ከፈተናው አዳራሽ ስወጣ እዚያው ትቼው ወጥቻለሁ። እሳቸው ግን አንድም ቀስት ሳይሥሉ፣ አንድም ቁጥር ሳይጽፉ፣ ሁለት ቦይ ሙሉ ሰው በዚህ መንገድ ዕድሜያቸውን ሁሉ ይዘው ኖረዋል። ልፈትናቸው ስለፈለግሁ ሳይሆን መስማቱ ስለጣመኝ ብቻ ላይኛውን ቦይ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ ከራስ እስከ ጭራ ወረዱልኝ፤ ስም ከስም እየጎተተ። አንዱም አላደናቀፋቸውም።

ኮዱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ቁጥር ጠፋ፤ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ “ከማን ቀጥሎ” የሚል ብቻ ቀረ። ሽታሁን ሙሉ ሰው ሆነ። አያ አንሙትም ተራው ከስልክ እየተነበበላቸው ውሃውን አንድ ቀን ሙሉ ከተመለከቱ በኋላ፣ “ካወቀችስ ልሂድ” ብለው ደጀን ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። በበጋ ከመንደሩ ሲወጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው አለኝ ጌትነት። እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

በሦስተኛው ቀን ጌትነት ደወለ። ሞላ የሚባል የላይኛው ቦይ ገበሬ ድንገት ታሞ ማረፉን ነገረኝና “መዝገቡን አስተካክይው” አለኝ። እኔም “ነፍስ ይማር” ብዬ የሞላን ስም ፈልጌ ሰረዝኩ። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነበር።

ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ከሞላ ኋላ የነበረው ማሳ “ከሞላ ቀጥሎ” ይላል፤ ሞላ ግን የለም። ስለዚህ እሱም ጠፋ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ጠፋ። ላይኛው ቦይ ላይ የቀሩት ከቦዩ ራስ እስከ ሀብታሙ ያሉት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ስምንቱን ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሀብታሙ ማሳው ረግረግ እስኪሆን ጠጣ። ከሀብታሙ በታች ያሉት ሲጠይቁ ጌትነት የመለሰላቸው አንድ ነገር ነው፤ “ማሽን አይሳሳትም፤ ጠብቁ።” ሰዎቹም ጠበቁ።

ጌትነት በመጨረሻ ደውሎ ሲነግረኝ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገሠገሥኩ። ቦዩን ተከትዬ ስወርድ እስከ ሀብታሙ ድረስ ለምለም ነው። ከዚያ በታች የድንቹ ቅጠል ጠውልጎ መሬት ላይ ተኝቷል፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሞላ ማሳ ዳር ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ባለቤቱ ስመኝ ናት።

“አንቺ ነሽ ባለ ኮምፒውተሯ?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ባሌን ቀብሬ ስመጣ ውሃዬም የለም። ምነው ምን በደልንሽ?”

አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷው መልሳ አጽናናችኝ። አያ አንሙት የሞላን ሞት ዘግይተው ሰምተው፣ በዚያው ቀን ለለቅሶ ከደጀን ተመልሰው ነበርና አካፋቸውን ይዘው ከላይ መጡ።

“ሞላን ከተራው ያስነሣው ማነው?”

“እኔ ነኝ። ሞቷል ስላሉኝ…”

“ሰው ይሞታል። ማሳው ሞተ?”

ያንን ቃል ሲናገሩ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በሠራሁት መዝገብ ማሳ አይሰረዝም፤ የባለቤቱ ስም ብቻ ነው የሚቀየረው፤ ሞላ በነበረበት ስመኝ ተጽፋለች፤ ሥራው እስከ ዛሬ ይሄዳል። ላፕቶፔን የከፈትኩት ግን በማግስቱ ነው። የዚያን ቀን ጊዜ አልነበረም።

አያ አንሙት የላይኛውን ቦይ ሰው ሁሉ አስጠሩ። “ዛሬ ከጭራው ነው የምንጀምረው” አሉ። “ጭራው ላይ ያለው ድንች እስከ ነገ አይቆይም። ሁሉም በየማሳው አፍ ይቁም፣ አፉን በጭቃ ይድፈን፣ ውሃውን ያሳልፍ። አንድ ሰው ከሰረቀ ውሃው ጭራው ጋ አይደርስም።” ሀብታሙ ቀድሞ ሄዶ የራሱን ደፈነ። ሽታሁን የራሱን ደፍኖ የጎረቤቱንም አገዘ። የስመኝን ማሳ አፍ የመድፈን ተራ ሲደርስ አያ አንሙት አዩዋት፤ የእሷም ማሳ ደርቋል። ስመኝ “ከእኔ በታች ያሉት ይብሳሉ” አለችና ማሳዋ ዳር ተመልሳ ተቀመጠች።

“የሞላን ማሳ አፍ ማን ይጠብቃል?” አለ ጌትነት።

አያ አንሙት ወደ እኔ አዩ። “የሰረዘችው እሷ ናት። በቦታው ትቁም።”

ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ከቦዩ ራስ እስከ ጭራው ሰዉ ተሰልፏል፤ መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ግን ለእኔ የሚታየኝ ከላዬ ሀብታሙ፣ ከበታቼ ፈንታሁን ብቻ ነው። ውሃው ተለቀቀ። ከላይ እየጮኸ መጣ፣ በጣቶቼ መካከል ያለውን ጭቃ እየገፋ፣ ሊያልፈኝ እየታገለ፤ በሁለት እጄና በጉልበቴ አፉን ይዤ አሳለፍኩት። ከፈንታሁን ወዲያ ሲሄድ አላየሁትም። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። የውሃው ድምፅ ብቻ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከኮረብታው ወዲያ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ “ደረሰ!” አለ። ሌላው ተቀበለ፤ “ደረሰ!” ሌላው፤ ሌላው። ቃሉ በቦዩ ዳር ዳር፣ ከሰው ወደ ሰው፣ ወንድ ሲለው ጎርነን፣ ሴት ስትለው ቀጠን እያለ ሽቅብ መጣ። ማናቸውም ከፊታቸውና ከኋላቸው ካለው በቀር ማንንም አያዩም፤ ቃሉ ግን አንዱንም ሳይስት መጣ። ፈንታሁን ወደ እኔ ዞሮ “ደረሰ!” ብሎ ጮኸ። እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ አፌን ከፍቼ አየዋለሁ።

ስመኝ ከኋላዬ በጣቷ ጀርባዬን ነካ አደረገችኝ።

“ተቀብለሽ አሳልፊ እንጂ! ሞላ እንዲህ አይዘገይም ነበር።”

ወደ ሀብታሙ ዞርኩና ባለኝ አቅም ሁሉ “ደረሰ!” አልኩ። እሱም ተቀበለኝ፤ ቃሉ ሽቅብ እየራቀ ሄደ፤ እኔ ግን እስኪጠፋኝ ድረስ ጆሮዬን ሰጥቼ ጭቃው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።